ለጥቅምት ውርጭ ከግንቦት መዘጋጀት፦ የእንጨትና የከሰል ወጪ እንዴት ትይዛላችሁ?

የጠባሴዋ
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 2:30

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው የምኖረው። ግንቦት ላይ ሆኜ ስለ ጥቅምት ብርድ ስጽፍ የቸኮልኩ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አምና የደረሰብኝ ዘንድሮ እንዲደገም አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ገንዘብ ይበላል። የልጆች ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ መመዝገቢያ፣ ለእንቁጣጣሽ በግ፣ ለመስቀል ደግሞ ሌላ። ጥቅምት ሲገባ ቦርሳዬ ባዶ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ይጀምራል። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ያደረ ባልዲ ላዩ በረዶ ሰርቶ ይገኛል። ከሰል በማዳበሪያ የምገዛበት ስላልነበረኝ በየቀኑ ከሰፈር በፌስታል እየገዛሁ ነው የዘለቅኩት።

ወጪዬን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ ደምሬ ሳየው ደነገጥኩ። ከጥቅምት 1 እስከ ጥር 30 ለከሰል የከፈልኩት ገንዘብ በግንቦት ዋጋ ቢሆን 11 ማዳበሪያ ይገዛልኝ ነበር። ቤቴ የገባው ግን 7 እንኳ አይሞላም። አራት ማዳበሪያ ሙሉውን ለችርቻሮ ነው የከፈልኩት ማለት ነው። ይህን ያህል ከፍዬም ቤቱ አልሞቀም፤ ትንሹ ልጄ ኅዳርን በሙሉ ሲያስል ነበር፣ አማቴም ጉልበታቸውን እያመማቸው ከአልጋ የሚነሱት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነበር።

ዘንድሮ በወር 600 ብር ለዚህ ብቻ ለይቼ ለማስቀመጥ አስቤያለሁ። ጥያቄዬ፦ መቼ ነው መግዛት ያለብኝ? ከሰል ይሻላል፣ እንጨት ወይስ የመብራት ማሞቂያ? ቤቱ ኪራይ ነው፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮርኒስ የለውም። አምስት ነን።

ጫጫ ሜዳው
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ ምንም አልቸኮልሽም፣ እንዲያውም ጊዜው ይሄ ነው። የእኛ አገር ችግር ብርዱ ክረምቱን ተከትሎ መምጣቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ከርሞ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይሰቅላል። በመስከረም መጨረሻ እንጨት ልግዛ ያለ ሰው ውሃ ነው የሚገዛው። እርጥብ እንጨት ስታነጂ እሳቱ መጀመሪያ እንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ማትነን አለበት፣ ከዚያ የተረፈው ነው ለአንቺ የሚደርሰው። ጭሱ ደግሞ ትርፉ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ጥር ላይ ወይም ግንቦት ላይ ባሕር ዛፍ ግንዲላውን እገዛለሁ። ያልተፈለጠ ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ራሴ እፈልጠዋለሁ፣ ከዚያ በቤቱ ክዳን ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ፣ ንፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ አራርቄ እደረድረዋለሁ። ሳይፈለጥ ከተቀመጠ አይደርቅም፣ ልጡ እርጥበቱን ይዞት ይከርማል። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጭተሽ ስሚው። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ድፍን ያለ ነው። ጫፉም ይሰነጠቃል። ከሻጭ ስትገዢም እንዲሁ አጋጭተሽ ግዢ፣ ማንም ቅር አይለውም።

መሐል ሜዳ ነኝ
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 3:40

ከመንዝ ነው። ጫጫ ሜዳው ያለው ለእናንተ ልክ ነው፣ ለእኛ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። እኛ ጋ በልግ አለ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሊዘንብ ይችላል፣ ስለዚህ ደረቅ ጊዜያችን ጥርና የግንቦት መጨረሻ ነው። በዚያ ያልያዘ ሰው አለቀለት።

ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ዛፉም እንደ ልብ አይደለም። ቤታችን የሚሞቀው በኩበት ነው። ሰማዩ ከጠራ ከኅዳር በኋላ እንጠፈጥፋለን፣ ጥር ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ተከምሮ ላዩ ይለሰንና ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። ልብ በሉ፣ የዘንድሮ ብርድ የሚታለፈው በአምና ኩበት ነው። አያቴ “ያልተከመረ ኩበት አይሞቅም” ይሉ ነበር፣ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር።

ኩበት ነጻ ነው የምትሉ ግን አስቡበት። ያ እበት ማሳ ላይ ቢወርድ ገብስ ያበቅል ነበር። እኔ አሁን ከግማሽ በላዩን ለማሳ ትቼ የቀረውን ነው የምጠፈጥፈው። ለማሳ ማዳበሪያ የማወጣውን ብር ሳስብ ኩበት የማንደድ ወጪውም ውስጡ እንዳለ ገብቶኛል።

እሳቱን አታባክኑት ደግሞ። ማታ እራት ከበሰለ በኋላ ረመጡን አመድ አልብሳችሁ ካዳፈናችሁት ጠዋት ገለጥ ስታደርጉት ይጠብቃችኋል። አዲስ እሳት ለማያያዝ የሚወጣው ጭራሮና ክብሪት በአራት ወር ሲደመር ቀላል አይደለም።

የመብራት ሰው
ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 4:20

የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሰራው፣ የማሞቂያውን ነገር እኔ ልመልስ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ገበያ ላይ ያለው የተለመደው ማሞቂያ 2,000 ዋት ነው። በቀን 4 ሰዓት ቢሰራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ30 ቀን 240። ይሄ ከእንጀራ ምጣዱ፣ ከምድጃው፣ ከአምፖሉ ላይ የሚጨመር ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው የሚሄደው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ ከፍ ባልሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው። ስለዚህ በወር 80 ወይም 90 ትጠቀም የነበረች ቤት በማሞቂያው ብቻ 300 ታልፋለች። ኮርኒስ በሌለው ቤት ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት ወደ ቆርቆሮው ወጥቶ ነው የሚጠፋው። አልመክርሽም።

በዲቫይደር ምጣድና ማሞቂያ አብራችሁ የምትሰኩ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ያ ቀጭን ሽቦ አይችለውም። ተቃጥሎ የጠቆረ ሶኬት በየኅዳሩ እቀይራለሁ፤ እግዚአብሔር ጠብቋቸው ነው እንጂ ቤቱ ነበር የሚሄደው።

ቤቱን ከማሞቅ ሰውየውን ማሞቅ ይረክሳል። ሁለት ሊትር ውሃ ለማፍላት ከ0.2 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው የሚፈጀው። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ያም ይረዳል። ያን ውሃ የጎማ መያዣ ውስጥ አድርጎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከመተኛት በፊት አልጋ ውስጥ ማስገባት ነው። ማሞቂያው በአንድ ሰዓት ከሚበላው አንድ አስረኛ አይሞላም። ለአማትሽ ጉልበት ይሄ ይሻላል።

የጠባሴዋ
ግንቦት 10፣ ከጠዋቱ 1:15

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመብራቱን ተውኩት። ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። በወር 600 ብር ካስቀመጥኩ እስከ ነሐሴ 2,400 ብር ይሆናል። መግዛት ያለብኝ ግን አሁን፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው። ገንዘቡ ሲሞላ እንጨቱ ይረጥባል፣ እንጨቱ ሲደርቅ ገንዘቡ የለም። እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሜይን ያለሁት
ግንቦት 10፣ ከቀኑ 6:50

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አሁን የምኖረው ሜይን የምትባል የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለች ግዛት ነው። ጥያቄሽን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው፣ ምክንያቱም እዚህ በየዓመቱ የምንጨነቅበት ነገር ነው።

እዚህ ግማሽ ያህሉ ቤት የሚሞቀው ናፍጣን በሚመስል የማሞቂያ ዘይት ነው። ምድር ቤት ውስጥ ታንከር አለ፣ የተለመደው 275 ጋሎን ነው፣ ማለት 1,040 ሊትር ገደማ። ለአየር ቦታ ስለሚተው ሲሞላ 250 ጋሎን አካባቢ ነው የሚይዘው። ብርዱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ አንዴ መሙላት አይበቃም። የመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳላስብ ገባሁ፣ ጥር ላይ ዘይቱ አለቀ። ሲያልቅ ደግሞ ማስሞላት ብቻ አይደለም፣ ቱቦው አየር ስለሚይዝ ባለሙያ መጥቶ አየሩን አስወጥቶ ነው የሚያስነሳው፣ ለዚያም ይከፈላል። አንድ ሌሊት ከነልጄ ካፖርት ለብሰን አደርን።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይሄ ነው። የሦስት ዓመት ደረሰኝ አወጣሁ። 620፣ 700 እና 660 ጋሎን። አማካዩ 660። ክፉ ብርድ ቢመጣስ ብዬ አንድ አስረኛ ጨመርኩ፣ 726 ሆነ። ያን ለ12 ወር አካፈልኩት፣ በወር የ60 ተኩል ጋሎን ዋጋ ማለት ነው። በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን ያ ገንዘብ ይለያል፣ አይነካም። ብዙ ሻጮችም ራሳቸው ወጪውን በየወሩ እኩል ከፋፍለው ያስከፍላሉ። በሙቀቱ ወራት በተቆረጠ ዋጋ አስቀድሞ መግዛትም አለ። እሱ ግን ሁለት መልክ አለው፦ በብርዱ ወራት ዋጋ ከወጣ ተጠቀምሽ፣ ከወረደ ግን የከፈልሽው ከፈልሽ ነው። እኔ ግማሹን አስቀድሜ እገዛለሁ፣ ግማሹን እንደ ገበያው። አንድ ሕግ ግን አለኝ፦ ታንከሩ ሩብ ሲደርስ አዝዛለሁ፣ እስኪያልቅ አልጠብቅም።

የአንቺ ችግር የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከጥር እስከ ግንቦት ያስቀመጥሽው ገንዘብ ጊዜው ሲደርስ ይጠብቅሻል። ለመጀመሪያው ግን ከፊት ለፊት ገንዘብ የሚሰጥሽ ያስፈልጋል። እናቴ ለዚህ እቁብ ነበራት። ዕጣው የሰኔ መጀመሪያ እንዲሆንላት ከባለ ተራው ጋር ትለዋወጥ ነበር። እንጨቱን ሰኔ ላይ ገዝታ እቁቡን እስከ መስከረም ትከፍላለች። ባንክ አላወቀችም፣ ወለድም አልከፈለችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነዳጅ ከመግዛት በፊት ብርዱ የሚገባበትን መድፈን ይቀድማል። እዚህ መስኮቱን በላስቲክ እንሸፍናለን፣ የበር ሥር እንደፍናለን። የእናንተ ቤት ኮርኒስ ከሌለው የመጀመሪያው ብር እዚያ ይዋል። ከማዳበሪያ ጨርቅ የተሰፋ ኮርኒስም ቢሆን ለውጥ አለው። እሳት ግን ከሥሩ አይነድ።

የሮቢት ከሰል
ግንቦት 10፣ ከቀኑ 9:10

ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ከሰል ወደ ደጋ አወጣ ነበር። ከሰል ለምትገዙ ጥቂት ልናገር።

ማዳበሪያ በአይን አትግዙ፣ በኪሎ አስመዝኑ። ማዳበሪያው አፉ ላይ ትልልቁ ይደረደራል፣ መሃሉና ሥሩ ላይ ብናኝ ነው። ጎኑን ሰንጥቃችሁ እጃችሁን እስከ ሥር አስገቡ። ከሰሉን ከከሰል ጋር ስታጋጩት እንደ ብረት መጮህ አለበት። የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ ፍሙ ይቆያል። የባሕር ዛፉ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ያልቃል። በክረምት የምትገዙት ከሰል እርጥበት ጠጥቶ ይከብዳል፣ ኪሎው እንዳያታልላችሁ። ግንቦት ላይ የገዛችሁትንም በላስቲክ ሸፍናችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ እናንተው ቤት ይረጥባል።

ምድጃም ይቆጠራል። በቆርቆሮ ምድጃ የምታነዱ ላቀች የሚባለውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ብትገዙ ከአራት ማዳበሪያ አንዱ ይተርፋችኋል ማለት ትችላላችሁ። ለእንጀራ ደግሞ “ምርጥ” የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። አንዴ ነው የሚገዛው።

ነርስ ከጣርማ በር
ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 1:00

ሁላችሁም ስለ ዋጋ ነው ያወራችሁት፣ እኔ ግን ከሰል የሚለውን ቃል ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እባካችሁ ይህን አንብቡ፣ ለጎረቤትም ንገሩ።

ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ብዙ ሰው “ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ደህና ነው” ይላል። ልክ አይደለም። ጭስ የሌለው የቀላው ፍም ነው በጸጥታ የሚገድለው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ይህን ሁሉ አያውቀውም። ይልቁንም ሕፃናት፣ እርጉዞችና አረጋውያን ቶሎ ይጎዳሉ።

በብርዱ ወራት ቤተሰብ ሙሉ ታሞ ሲመጣ አይቻለሁ። ሁሉም ያልመጡበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ ክፍሉን አሙቁ፣ በር ወይም መስኮት ገርበብ አድርጉ፣ ከመተኛት በፊት ምድጃውን ከቤት አውጡት። በረንዳ ሳይሆን ውጭ። ሰው ራሱን ካመመው ወዲያው ወደ አየር አውጡት፣ ከዚያ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም፣ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። የጠባሴዋ፣ የልጅሽ ሳል ከብርዱ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ጭስም ያስላል። አስመርምሪው።

ቀን ሠራተኛ
ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 2:15

የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው። ግን በወር 600 ብር ለይቶ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። እኔ የዕለት ሥራ ነኝ። ዛሬ አገኛለሁ፣ ነገ የለም። ማዳበሪያ ከሰል የምገዛበት አንድ ላይ የሆነ ገንዘብ ኖሮኝ አያውቅም። ለእኔ ዓይነቱ ምን ትላላችሁ?

ጫጫ ሜዳው
ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 2:50

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ይሄ ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ድሃ ነው ውድ የሚገዛው፣ ምክንያቱም በትንሹ ነው የሚገዛው። የጠባሴዋ ደብተርም ይህንኑ ነው የተናገረው።

እኛ ሰፈር ያደረግነውን ልንገርህ። አምስት ቤት ሆነን አንድ አይሱዙ ባሕር ዛፍ አስመጣን። ሁለታችን ገንዘብ ነበረን፣ አንዱ ግቢ ነበረው፣ ሁለቱ እንደ አንተ ጉልበት ነበራቸው። ሁለቱ ፈለጡ፣ ደረደሩ፣ ድርሻቸውን በሥራ ከፈሉ። ማንም የማንም ባለውለታ አልሆነም። መፍለጥ ከባድ ሥራ ነው፣ ቀጥረን ብናሠራ ከዚያ በላይ እንከፍል ነበር።

መሐል ሜዳ ነኝ
ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 3:20

እኔ ደግሞ ስለ ልብስ ልበል። አንድ ባና ገዝታችሁ ከሆነ አስር ዓመት ነው የሚያገለግለው። የመንዝ በግ ሱፍ ነው፣ ከባድ ነው፣ ብርድ አያሳልፍም። ሁለት ሦስት ቀጭን ብርድ ልብስ ከመደራረብ አንድ ባና ይበልጣል። ከሰል ዘንድሮ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ባናው ግን ለከርሞም አለ። እና ምግቡን አትርሱ። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ባዶ ሆድ የተኛ ሰው በእሳት አጠገብም ይበርደዋል። ቢያንስ ማታ ማታ የገብስ አጥሚት ለልጆቹ።

የጠባሴዋ
ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 2:00

ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብነው። የነርሷን መልእክት ሁለት ጊዜ። አምና ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ከሰል አሳድረን እናውቃለን። እስካሁን ሳስበው ሰውነቴ ይሸበራል። ከእንግዲህ አይደረግም።

የወሰንነው እንዲህ ነው። የእቁቡን ዳኛ አነጋገርኩ፣ የሰኔ መጀመሪያውን ዕጣ የያዘችው ጎረቤቴ ተራዋን ልትለውጠኝ ተስማምታለች። ከዚያ ላይ መጀመሪያ የሁለቱ መኝታ ክፍል ኮርኒስ ይሠራል፤ አከራያችን ግማሹን ከኪራይ ላይ ሊቀንሱልን እሺ ብለዋል። ቀጥሎ አንድ ላቀች ምድጃ፣ ለአማቴ አንድ ባናና የሙቅ ውሃ መያዣ። ከሰል 4 ማዳበሪያ ብቻ፣ ያም ተመዝኖ። የቀረው ፍልጥ ነው። 600 ብሩ አይቆምም፣ እቁቡ ሲያልቅ ለከርሞ ይቀጥላል። አንድ ማዳበሪያ ሲቀረን ሩብ ደረሰ ብለን እንገዛለን፣ እንደ ሜይኗ እህቴ።

ቀን ሠራተኛ ወንድሜ፣ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ከሆነ ጻፍልኝ። አይሱዙውን እኛም እናመጣለን፣ እስካሁን ሦስት ቤት ሆነናል፣ ግቢም አለን። የሚፈልጥ ሰው ግን የለንም።

ቀን ሠራተኛ
ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 2:25

ጠባሴ በእግር 20 ደቂቃ ነው ከእኔ። መጥረቢያ አለኝ። እንጨቱ የሚገባበትን ቀን ንገሪኝ።

የጠባሴዋ
ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 2:31

ሰኔ 3 ነው። ቁርስ እኛ ጋ።